በሬ ሆይ፣ ወደቅህ ወይ

ባለፈው ሰሞን ሻይ ቤት ቁጭ ብለን፣ ደላላ ገንዘቡን በልቶት ዐረብ አገር ሳይደርስ ስለተመለሰ ልጅ ይወራል። አንዱ ብርጭቆውን አስቀመጠና «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት። እኔን ሻዩ አልወርድ አለኝ።

ተረቱ እኮ እዚያ ላይ አያልቅም። «እልም ካለው ገደል ወደቅህ ወይ» ይላል ጅራቱ።

ገደል አፍ ላይ ያደገ ሰው፣ ሳሩ ለምን እዚያ እንደሚያምር ያውቃል። ሜዳው ታርሷል፤ ያልታረሰውን ከብት ግጦ ግጦ ላጭቶታል። ከገደሉ ከንፈር ላይ ግን ሰንበሌጡ ወገብ ይደርሳል። በእኛ በሰሜን ሸዋ፣ በጣርማ በር አካባቢ፣ ያንን ሳር በማጭድ ነው የምንደርስበት። ከመስቀል በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ አያቴ መጫኛውን ከጥድ ግንድ ያስሩና ሌላውን ጫፍ ወገባቸው ላይ ይጠመጥሙታል። የእኔ ሥራ የታጨደውን ወደ ሜዳው መጎተት ነበር።

ሳሩ ፀሐይ ላይ በስሱ ይሰጣል፤ ጤዛው ሲረግፍ ይገለበጣል። መድረቁን አያቴ የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። አንድ ጭብጥ አንስተው ጆሯቸው ሥር ጠምዘዝ ያደርጉታል። ከተንኮሻኮሸ ይከመራል፤ ዝም ካለ እርጥበት አለበት፣ ቢከመር ውስጥ ውስጡን ግሎ ይሻግታል። ክምሩ ውሃ እንዳያስገባ አናቱ እንደ ጎጆ ይሾላል፣ ዙሪያው በእሾህ ይታጠራል። በግንቦት ሜዳው አፈር ብቻ ሲሆን፣ የእርሻ በሬዎች ነፍስ በዚህ ድርቆሽ ላይ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ይህ ተረት የተወለደው እኛ ጋ ነው፤ ያውም በክረምት፣ ጉም ከቆላው ሽቅብ ሲወጣ። በነሐሴ ገደል አፍ ላይ የቆመ ሰው የገዛ እግሩን አያይም። ሳሩ ደግሞ ከጠርዙ አልፎ ባዶው ላይ ስለሚዘናፈል መሬት ይመስላል። ታዲያ በሬው ምን አጠፋ? «እልም ያለ» የሚለውም ከጥልቀቱ ይልቅ ጉሙን ይመስለኛል።

«ሆይ» ብሎስ ማን ይሳለቃል? ሰው ሲለምንና ሲያለቅስ የሚለው ቃል ነው። ተናጋሪው ባለበሬው ነው ባይ ነኝ። አንዱ በሬ ሲወድቅ ጥማዱ ፈረሰ፤ የቀረው ብቻውን አያርስም፣ መቀናጆ ፍለጋ የሰው ደጅ መጥናት ይመጣል። የጎረቤታችን ዳልቻ የወደቀ ዕለት ሴቶቹ እንደ ሰው ሞት ጮኸዋል። አያቴ አንድም ቃል አልተናገሩም። በማግስቱ ማጭዳቸውን ይዘው ወጡና፣ ለድርቆሽ የማይሆነውን እርጥብ ሳር ከገደሉ ከንፈር ላይ ጠርገው አጨዱት።

ሻይ ቤት ውስጥ ደላላውን የወቀሰ አልነበረም። መሳቃችሁ ካልቀረ፣ «ወደቅህ ወይ»ን እንኳ አትቁረጡበት።