«ወርቅ በእሳት፣ ሰው በመከራ ይፈተናል»

የአባባሉ ሥር መጽሐፈ ሲራክ ነው። ምዕራፍ 2 ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን ሰውም በመከራ ይፈተናል ይላል። ምዕራፍ 6 ደግሞ ወደ ወዳጅነት ያመጣውና፣ ወዳጅ ስትይዝ ፈትነህ ያዝ፣ ሲመቸው ብቻ የሚቀርብህ በመከራህ ቀን አይጸናም ብሎ ይመክራል። ድሬዳዋ ላይ ግን አባባሉ ከመጽሐፍ ወጥቶ የሰፈር ሆኗል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጠቅሰዋል፣ ብዙ ጊዜም ስለ ጓደኛ ነው።

ነገሩን ለመረዳት አንጥረኛ ቤት መግባት ይጠቅማል። መዳብ የበዛበት ቀለበት እሳት ላይ ቆይቶ ሲወጣ ፊቱ ይጠቁራል፤ ጥሩ ወርቅ ግን እንደ ቢጫነቱ ይወጣል። መዳቡን እሳቱ አልጨመረውም፣ ድሮም ውስጡ ነበር። «ሰው ተለወጠብኝ» ለሚል አባባሉ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፤ ሰውየው አልተለወጠም፣ ከመጀመሪያውም ያቆራኛችሁ ጨዋታው ነበር።

ይሁንና መከራ ሁሉ እኩል አይፈትንም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሲሆኑ፣ ሐዘኑ የከተማው ሁሉ ነበር። ልቅሶም እንዲሁ ነው፤ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሐረሪዎቹ «አፎቻ» በሚሉት መረዳጃቸው ይሰበሰባሉ፣ የማይመጣ የለም። እንዲህ ባለ ቀን ወዳጅ ከጎረቤት አይለይም። የሚለየው ቀስ ብሎ የሚገባው ችግር ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረችው ድሬ፣ አሮጌው ባቡር ሲቆም ይህን አይታዋለች፦ ድንኳን የማይተከልለት፣ ወር በወር ላይ የሚደረብ ማጣት።

እስቲ ሥራ ያጣ የአርባ ዓመት ሰው አስቡ። በርጫው ላይ የጫት ድርሻውን ማዋጣት ሲያቅተው መቅረት ይጀምራል። አንዱ «አቦ፣ የት ጠፋህ?» ብሎ ይደውልና በዚያው ያበቃል። ሌላው ቤቱ ድረስ ሄዶ «ተነሳ፣ ማን ብር ጠየቀህ!» ብሎ ይዞት ይመጣል። ሦስተኛው በልጁ እጅ ስኳርና ዘይት ለባለቤቱ ይልካል፣ ለማንም አይናገርም። ይህ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ጨዋታ የማይችለው፣ ጥግ ይዞ የሚውለው ሰው ነው፤ ደጋግሜ አይቻለሁ።

በዚህ ዕድሜ ግን ሁሉም የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የታመመች እናት አለበት። «ባዶ እጄን እንዴት ልሂድ» ብሎ አፍሮ የቀረ አለ፤ እሱን መዳብ ነው ማለት ግፍ ይመስለኛል። ነገር አዋቂዎችም አባባሉን የቀረውን መውቀሻ አያደርጉትም። የሚሉት ለመጣው ነው፤ ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ፣ በልጅ ሠርግ ወይም ቡና ላይ፣ ሰውየውን አጠገባቸው አስቀምጠው ለማመስገን።