«ፍሬን እምቢ አለኝ» ማለት አያድንም፦ ምርመራ ስለማያልፍ መኪና የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ዓመታዊ ምርመራ የማያልፍ መኪና የሚነዳ ሰው ዋናው ፍርሃቱ ትራፊክ ፖሊስ ነው። ትራፊኩ ሳያስቆመው ካለፈ «ተመስገን» ብሎ ጉዞውን ይቀጥላል። ግን የሚፈራው ትንሹን ጣጣ ነው። ትልቁ የሚመጣው አደጋ የደረሰ ቀን ነው። ሰፈር ውስጥና ጋራዥ በር ላይ ደጋግመው ከሚሰሙት አባባሎች ጥቂቱን እንይ።

«ቅጣቴን ከከፈልኩ አለቀ»

አላለቀም። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ ብቁ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ቅጣት መክፈል ደግሞ የመንዳት ፈቃድ መግዛት አይደለም። ነገ ሌላ ትራፊክ ቢያስቆማችሁ ጥፋቱ እዚያው አለ።

«ፍሬኑ እምቢ ካለኝ እኔ ምን ላድርግ?»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚተማመንበት ይህን ነው፤ በጣም የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ነገሩ ሁለት መልክ አለው።

አንደኛው የካሳ ጉዳይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። እዚህ ላይ ጥፋት መኖሩ እንኳ አይጠየቅም። «ድንገት የተፈጠረ ብልሽት ነው» ወይም «መካኒኩ በደንብ አልሠራልኝም» ማለት ባለቤቱን ከተጎጂው ጥያቄ ነፃ አያወጣውም። መካኒኩን በኋላ ሌላ መዝገብ ከፍቶ ሊጠይቀው ይችላል፤ ያ የሁለቱ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ወንጀሉ ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 አሽከርካሪ በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ፣ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። እንግዲህ ባለፈው ሳምንት «ፍሬን አያልፍም» ተብሎ ከምርመራ የተመለሰን ሰው አስቡት። የመርማሪው ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነው። «አላወቅኩም ነበር» ሊል አይችልም። ዐቃቤ ሕግም «እያወቀ ነው የወጣው» ብሎ ለመከራከር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም። ሳይመረመር የቀረውም ቢሆን አይድንም። ማወቅ የሚገባውን ነገር ለማወቅ አለመሞከርም በሕጉ ዓይን ቸልተኝነት ነው።

«የሚታሰረው ሹፌሩ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም»

ሹፌሩ ሊታሰር ይችላል። ካሳው ግን ወደ ባለቤቱ ይመጣል። መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ የሚድነው አደጋው በደረሰበት ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ብልሽቱን እያወቀ «ግዴለም፣ አንድ ቀን ብቻ ሥራበት» ብሎ የላከ ባለቤት ደግሞ ጉዳዩ ከካሳ አልፎ ወደ ወንጀል ሊዞርበት ይችላል።

ለተቀጣሪ ሹፌሮችም አንድ ነገር ልበል። «አለቃዬ ውጣ ብሎኝ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። መሪውን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ሥራ እንዳይቋረጥ መፍራት የሚገባኝ ነገር ነው፤ ቢሆንም ቢያንስ ብልሽቱን በጽሑፍ አሳውቁ። አጭር የስልክ መልእክትም ቢሆን ከቃል ይሻላል።

«ኢንሹራንስ አለኝ»

የሦስተኛ ወገን መድን ለተጎጂው የሚከፍለው በሕግ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ነው። ፍርድ ቤት ከዚያ በላይ ከወሰነ ቀሪው ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። «ሙሉ ኢንሹራንስ» የምንለውም ቢሆን ውሉ ላይ መኪናውን በጥሩ ሁኔታ መያዝ የባለቤቱ ግዴታ እንደሆነ የሚገልጽ አንቀጽ የተለመደ ነው። ማንም የማያነበው ገጽ ላይ ይሆናል። አደጋ ሲደርስ ግን ኩባንያው መጀመሪያ የሚገልጠው እሱን ነው።

«መኪናውን ሸጬዋለሁ እኮ»

በውክልና ብቻ ከሆነ የሸጣችሁት፣ ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) አሁንም በእናንተ ስም ነው። ገዢው ሦስት ዓመት ያለ ምርመራ ቢነዳውና ሰው ቢገጭ፣ ተጎጂው መዝገብ ላይ የሚያገኘው ስም የእናንተ ነው። ክሱም ወደዚያው ይመጣል፤ ሽያጩን ማስረዳት የእናንተ ሸክም ይሆናል። ስም ሳይዛወር ቁልፍ ማስረከብ በእኔ አስተያየት ከአሮጌ ፍሬን ያልተናነሰ አደጋ ነው።

«ወደ ጋራዥ እየወሰድኩት ነው»

ፍሬኑ ወይም መሪው ችግር ካለበት በጎታች መኪና ይሂድ። መንገድ ላይ የሚገጨው ሰው ወዴት እየሄዳችሁ እንደነበር አይለይም፤ አንቀጽ 2081ም አይለይም።

«ቦሎ መስታወቱ ላይ እስካለ ድረስ ችግር የለም»

ቦሎ፣ ማለትም ምርመራ ያለፈ መኪና መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክት፣ የሚናገረው በምርመራው ቀን መኪናው ምን ይመስል እንደነበር ነው። ጎማ ተውሶ አስመርምሮ፣ ማታ ያለቀውን አሮጌ ጎማ መልሶ የሚገጥም ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ከከባድ አደጋ በኋላ መኪናውን የሚያየው የፖሊስ የቴክኒክ ባለሙያ የሚመረምረው ግን የተገጠመውን ጎማ ነው።

ሳይመረመር በደላላ የተገኘ ቦሎማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐሰተኛ ሰነድ መሥራት ብቻ ሳይሆን እያወቁ መገልገልም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ማንንም ሳትገጩ፣ መኪናችሁ ቆሞ ሳለ እንኳ ልትከሰሱበት ትችላላችሁ።