የኩሬ ደለል ጠረጋ ምንድን ነው? የግቢ ኩሬን የማዳን ወጪና ጥቅም

ደለል ጠረጋ ማለት ከኩሬ ወይም ከሐይቅ ግርጌ የተጠራቀመውን ለስላሳ ጭቃ አውጥቶ ውሃው ያጣውን ጥልቀት መመለስ ነው። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ኩሬዎች ቶሎ የሚሞሉት የአስፋልቱ፣ የጣሪያውና የግንባታ ቦታው ጎርፍ ሁሉ ወደ እነሱ ስለሚወርድ ነው። የካፌው እጣቢና የዶርሙ የልብስ ሳሙና ሲጨመርበት ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይሸታል፣ ዓሣው ያልቃል። ያኔ “ይጠረግ” ይባልና “ስንት ያስወጣል?” የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ዋጋውን የሚወስነው የጭቃው መጠንና ጭቃው የያዘው ውሃ ነው። ስለዚህ መለካት ይቀድማል። ሁለት ረጃጅም ዘንጎች ይበቃሉ። አንደኛው ጫፉ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዝርግ ክብ ሳህን ይገጠምለታል፤ ሌላው ባዶውን ይሆናል። ባለ ሳህኑ ጭቃው ላይ አርፎ ይቆማል፤ ባዶው ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራው መሬት ድረስ ይወርዳል። የሁለቱ ልዩነት የጭቃው ውፍረት ነው። ጀልባ ላይ ሆኖ በየ10 ሜትሩ መለካትና መመዝገብ ነው። ባዶው ዘንግ ሲወጣ ጫፉን ማየት አይዘንጋ፤ ጥቁርና የሚሸት ጭቃ ብቻ ከያዘ ገና ደለሉ ውስጥ ነው፣ ድርቅ ያለ ሸክላ ከተጣበቀበት ግን የኩሬው ወለል ተነክቷል። ቁፋሮው እዚያ ላይ መቆም አለበት። ኤክስካቫተሩ ያንን ሸክላ ከበሳው ኩሬው ማፍሰስ ይጀምራል፤ የተበሳውን ለመድፈን ደግሞ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሸክላ በ15 ሳንቲ ሜትር ድርብ እየጠቀጠቁ መመለስ ግድ ይሆናል። በዚህ ሥራ ላይ ከሚደርሱ ስህተቶች ሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው፣ በአንድ ቀን ዘንግ መለካት ይቀር ነበርና።

አንድ ሄክታር ኩሬ በአማካይ 60 ሳንቲ ሜትር ጭቃ ቢኖረው 6,000 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከእንዲህ ያለ ጭቃ ክብደት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። እርጥቡን በሲኖትራክ ላንሳ ቢባል 16 ሜትር ኩብ የሚይዘው መኪና እየተንጠባጠበ መንገዱን እንዳያጨቀይ 10 ብቻ ይጭናል፤ 600 ምልልስ ይሆናል። ውሃና አፈሩ እኩል በእኩል እስኪሆኑ ከተንጠፈጠፈ ግን ክብደቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ መጠኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ መኪናውም ስለማይንጠባጠብ ሙሉ 16ቱን ይጭናልና ምልልሱ ከ200 በታች ይሆናል። ትልቁ ወጪ ያለው ማድረቁና ማጓጓዙ ላይ ነው፤ ጨረታ ሲወጣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የቁፋሮው ዋጋ ብቻ ነው። አውጥቶ ለማድረቅ ደግሞ ቦታ ያስፈልጋል፤ 6,000 ሜትር ኩቡን 60 ሳንቲ ሜትር አድርጎ ለመዘርጋት ሌላ አንድ ሙሉ ሄክታር ይጠይቃል። ለእኛ አገር የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ገቢውን ውሃ በቦይ አዙሮ፣ ዓሣውን በመረብ አውጥቶ፣ ኩሬውን ቀስ ብሎ ማድረቅ ነው። ወለሉ ላይ ወደ ዝቅተኛው ጥግ የሚወስዱ ቦዮች ከተቀደዱ ጭቃው እዚያው ይጠነክራል።

የደረቀው ደለል ለእርሻ ጥሩ አፈር ሊሆን ይችላል፤ ግን የግቢ ኩሬ ነውና የቤተ ሙከራና የጋራዥ ፍሳሽ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። እርሳስ፣ ክሮሚየምና ካድሚየም ሳይመረመር ማሳ ላይ መበተን የለበትም።

ጠረጋ ለምን ውሃውን ያጠራል? ጭቃው ፎስፈረስ አምቆ ይዟል። ግርጌው ላይ ኦክስጅን ሲያልቅ ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረው ፎስፈረስ ይለቀቅና ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ዋቅላሚ (አልጌ) ይመግባል። ለዚህ ነው እጣቢው ከተዘጋ በኋላም ኩሬው ለዓመታት አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው። በተቃራኒው እጣቢውን ሳይዘጉ መጥረግም ገንዘብ መጣል ነው፤ መጀመሪያ ቧንቧው ይስተካከል፣ ጎርፉ በሚገባበት በኩልም ከኩሬው ስፋት ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆን የደለል ማጥመጃ ገንዳ ይሠራ። ከዚያ ወዲያ የሚጠረገው በዋናነት ገንዳው ይሆናል።

ጥቅሙም ይሰላል። ኩሬው ሲጠልቅ ገጹ አይሰፋም፣ ስለዚህ ትነቱ አይጨምርም። የተመለሰው 6,000 ሜትር ኩብ ውሃ በቀን 50 ሜትር ኩብ የሚፈልግን አንድ ሄክታር አትክልት ለ120 ቀን ያጠጣል። ሌላው መለኪያ ውሃው ባይኖር ከየት ይመጣ ነበር የሚለው ነው። የሀረማያ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤት የነበረው የሀረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሰጥ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሳበው ውሃ በዝቶ፣ ከኮረብታው ደለል ወርዶበት፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። በኋላ ውሃ መልሶ ቢይዝም፣ ሐረር ግን ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ወደ ላይ በፓምፕ የሚገፋ ውሃ መጠቀም ነበረባት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረር 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 600 ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ የፓምፑ ብክነት ሲታሰብ፣ ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ መብራት ይፈጃል፤ ያም በየቀኑ፣ በየሜትር ኩቡ። ያንን ሐይቅ ጠረጋ ብቻውን አያድነውም ነበር፤ የሚሳበው ውሃ ካልተገደበ የትኛውም ሐይቅ ይደርቃል።

ኩሬው ተጠርጎ ሲሞላ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በባልዲ መፈተሽ ይቻላል። ባልዲ ውሃ ሞልቶ፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ከቶ፣ አፉ ከውሃው በላይ እንዲሆን ጥልቀት በሌለው ዳር ማቆም፤ ከዚያ የባልዲውንም የኩሬውንም ውሃ ከፍታ ምልክት ማድረግ። ዝናብ በሌለበት፣ ውሃ በማይገባበትና በማይሳብበት ከአምስት ቀን በኋላ ሁለቱ እኩል ከወረዱ ትነት ነው። ኩሬው በልጦ ከወረደ ልዩነቱ በወለሉ የሚሰርገው ነው፤ በአንድ ሄክታር ላይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ልዩነት 50 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ የዚያን አትክልት ሙሉ የቀን ድርሻ።