የፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት በጎጃም

ጎጃም ውስጥ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ «ፖለቲካል ሳይንስ ደረሰኝ» ብሎ ቤቱ ሲደውል፣ «ልጄ፣ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» መባሉ የተለመደ ነው። ይህ ስጋት ከኑሮ የመጣ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው ብሎ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ሲል መንግሥት ጦር አዘመተበት። ኋላ ግን ውዝፉ ግብር ቀረለት። የመንግሥትንና የገበሬን ግንኙነት ለሚያጠና ተማሪ ከዚህ የበለጠ ማስተማሪያ አይገኝም።

የትምህርቱ ዋና ቦታ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው ነው፤ ግቢው እስካሁን «ፔዳ» የሚባለው ኮሌጁ ቀድሞ የፔዳጎጂ አካዳሚ ስለነበረ ነው። ተማሪው በምደባ ከየአገሩ ይመጣል። በፍሬሽማን ዓመት የጋራ ኮርሶችን ወስዶ ዲፓርትመንት ከገባ በኋላ የፖለቲካ ፍልስፍናን፣ ንጽጽራዊ ፖለቲካን፣ ዓለም አቀፍ ሕግን፣ የውጭ ፖሊሲንና የአፍሪካ ቀንድን ጉዳይ ይማራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግድ ነው።

ትምህርቱ እዚህ ሥጋ የሚለብሰው በዓባይ ነው። ወንዙ ከጣና የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ሲሆን፣ ጎጃምን ከብቦ የሚወርድበት የመተከል ምድርም፣ የሕዳሴ ግድብ የቆመበት፣ ቀድሞ የጎጃም ግዛት ነበር። በ1952 ዓ.ም. ግብፅና ሱዳን ውሃውን 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አድርገው ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም። ከዚያ በፊት፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የፈረሙት ውልም አለ። ሦስተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ፈቃድ የዓባይን፣ የጣናንና ባሮ የሚገባበትን የሶባትን ወንዝ ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳያሠሩ ይላል። ክርክሩ ያለው «የሚያግድ» በምትለው ቃል ላይ ነው። ማገድ ማለት ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ደፍኖ ማስቀረት ነው ወይስ ከውሃው መቀነስም ጭምር? የኢትዮጵያ ምሁራን የመጀመሪያውን ትርጉም ይዘው፣ ውሉ በውሃው መጠቀምን አልከለከለም ይላሉ። አንዲት ቃል የቱን ያህል ዘመን እንደምታሟግት ማየት ለእኔ ከየትኛውም የንድፈ ሐሳብ ኮርስ ይበልጣል።

ቃልን ገልብጦ ማየት ለጎጃም እንግዳ አይደለም፤ የቅኔ አገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ከዲፕሎማትነታቸው በፊት በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተምረዋል፤ በኋላ በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነዋል።

ሥራው ግን ጠባብ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚቀጥረው ጥቂት ሰው በመሆኑ፣ ብዙው ተመራቂ በወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በሥነ ዜጋ መምህርነት ወይም በእርዳታ ድርጅት እንጀራውን ይፈልጋል። ከሁሉም የሚከብደው ጦርነቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ መንገድ ይዘጋል፤ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ስለ ግጭት አፈታት አሳይመንት የተሰጠው ተማሪ ያለ ኢንተርኔት ከቤቱ ተቀምጦ ግቢው የሚጠራበትን ቀን ይጠብቅ ነበር።