«ዋትስ ማይ ላይን»፦ ከዓይን መሸፈኛው በስተጀርባ

«ዋትስ ማይ ላይን» ከ1950 እስከ 1967 በአሜሪካው ሲቢኤስ ቴሌቪዥን የታየ የግምት ጨዋታ ነው። (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ በእኛ ቋንቋ «ሥራዬ ምንድን ነው?» እንደማለት ነው። አንድ እንግዳ ይገባና ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሙን ይጽፋል። ከዚያ አራት ታዋቂ ሰዎች ተራ በተራ እየጠየቁ መተዳደሪያውን ለማወቅ ይሞክራሉ። መልሱ «አዎ» ወይም «አይ» ነው። አንድ «አይ» በተሰማ ቁጥር ለእንግዳው 5 ዶላር ይታሰብለታል፤ አስር ከሞላ አሸነፈ፣ 50 ዶላሩን ይዞ ይሄዳል። በልጅነቱ እንቆቅልሽ የተጫወተ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እዚያ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፣ እዚህ 5 ዶላር።

የገንዘቡ ማነስ በኋላ ትልቅ ጥቅም ሆነ። በዚያው ዘመን ብዙ ሺህ ዶላር የሚያሸልሙ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ነበሩ። «ትዌንቲ ዋን» በተባለው ውድድር ዝነኛ የሆነው ቻርልስ ቫን ዶረን በ1959 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ መልሱ አስቀድሞ ይሰጠው እንደነበር አመነ። አገር ምድሩ በቴሌቪዥን ውድድር ላይ እምነት አጣ። «ዋትስ ማይ ላይን»ን ግን ማዕበሉ አልነካውም። ለ50 ዶላር ብሎ ማን ያጭበረብራል?

ተመልካች በጉጉት የሚጠብቀው ምስጢራዊውን እንግዳ ነበር። ይህ እንግዳ ራሱ ታዋቂ ሰው ስለሆነ ጠያቂዎቹ ዓይናቸውን ይሸፍናሉ። መልኩ ቢደበቅም ድምፁ ያሳብቃል። ስለዚህ አንዱ ያንሾካሹካል፣ ሌላው ድምፁን ያቀጥናል፣ የባሰበት ጉሮሮውን እያጉረመረመ ብቻ ይመልሳል። አዳራሹም ሳያውቅ ይጠቁማል። ጭብጨባው ጣሪያ ከነካ ጠያቂዎቹ የገባው ሰው ትልቅ ኮከብ መሆኑን ያውቃሉ። አሸነፈም ተሸነፈም ለመምጣቱ 500 ዶላር ይከፈለው ነበር።

ጠያቂዎቹም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። ዶሮቲ ኪልጋለን የጋዜጣ አምደኛ ነበረች፤ የትኛው ተዋናይ ኒውዮርክ እንደገባ፣ የማን ፊልም ሊከፈት እንደሆነ ማወቅ የዕለት እንጀራዋ ነው። ቤኔት ሰርፍ የታላቁ አሳታሚ ድርጅት የራንደም ሃውስ መሥራች ነበር፤ የቃላት ጨዋታ ነፍሱ ነው። አርሊን ፍራንሲስ ተዋናይት ናት፤ አንገቷ ላይ የልብ ቅርጽ ያለው የአልማዝ ጌጥ አይጠፋም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግዳው ገና ከመቀመጡ በፊት በጠያቂዎቹ ፊት ያልፍ ነበር። እነሱም እጁን ገልብጠው ያዩ ነበር። ሻካራ መዳፍ ብዙ ይናገራል። ይህ አሠራር በኋላ ቀረ፤ እኔ ግን የጨዋታው ደስ የሚል ክፍል እሱ ይመስለኛል።

አቅራቢው ጆን ዴሊ ጋዜጠኛ ነው። ጃፓን ፐርል ሃርበርን መደብደቧን በ1941 በሲቢኤስ ሬዲዮ ለሕዝብ ያሰማ ድምፅ የእሱ ነው። የጨዋታው ሚዛን በእጁ ነበር። የ5 ዶላር ካርዶቹን የሚገለብጠው እሱ ነው። «አዎ» ማለት ጠያቂውን የሚያሳስት ከሆነ ደግሞ ጣልቃ ገብቶ ያብራራል፤ ማብራሪያውም ረጅም ነው። ይህን ለማየት በ1957 ሰዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ የመጣበትን ምሽት መመልከት ይበቃል። ዳሊ ለተጠየቀው ሁሉ ማለት ይቻላል «አዎ» ይላል። ጸሐፊ ነህ? አዎ። ከስፖርት ጋር የተያያዘ ነገር ትሠራለህ? አዎ። የመሪ ተዋናይነት ሚና የሚሰጥህ ሰው ነህ? አዎ። በዚህ ጊዜ ዴሊ አላስቻለውም፤ መልሱ ጠያቂዎቹን እንደሚያሳስት አስረድቶ አረመው። ዓይናቸው የተሸፈነው አራቱ ሰዎች ይህ የማይሠራው ነገር የሌለ ፍጡር ማን ነው ብለው ግራ ተጋቡ።

ፕሮግራሙ እሁድ ማታ በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአብዛኛው በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። ወንዶቹ ሙሉ ልብስ፣ ሴቶቹ የማታ ቀሚስ ይለብሳሉ። ቀጥታ ሲሆን ግን ሐዘንም በሰዓቱ ይመጣል። ጠያቂው ፍሬድ አለን በመጋቢት 1956 ቅዳሜ ሌሊት አረፈ፤ በማግስቱ እሁድ ባልደረቦቹ ወንበራቸው ላይ ነበሩ፤ በእሱ ቦታ ስቲቭ አለን ተቀመጠ። ኪልጋለን ደግሞ ኅዳር 7 ቀን 1965 እንደ ወትሮዋ ጠይቃ፣ ስቃ ወጣች። በማግስቱ ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኘች። በሚቀጥለው እሁድ ኪቲ ካርላይል ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጓደኞቿ ስለ እሷ ሲናገሩ ማየት እስከ ዛሬ ሆድ ያባባል።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማየት የምንችለው ለጥቂት ተርፎ ነው። ስርጭቱ ከስክሪን ላይ በፊልም ይቀረጽ ነበር፤ ጣቢያው ግን ፊልሞቹን ያስወግዳቸው ነበር። አዘጋጆቹ ማርክ ጉድሰንና ቢል ቶድማን ይህን በ1952 ሲያውቁ ፊልሞቹ እንዲቀመጡ ወጪውን ራሳቸው ለመክፈል ተስማሙ። ከዚያ በፊት የነበረው አብዛኛው ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ ያለው በብዛት አለ።

ከመጋረጃው ጀርባ አንድ መጠባበቂያም ነበር። ምስጢራዊው እንግዳ መንገድ ላይ ቢቀር በእሱ ቦታ እንግዳ የሚሆነው ራሱ ዴሊ ነው። 17 ዓመት ሙሉ ይህ አላስፈለገም። መስከረም 3 ቀን 1967፣ በመጨረሻው ምሽት፣ ጠያቂዎቹ ዓይናቸውን ሸፈኑ። ዴሊ ድምፁን ለውጦ እንደ እንግዳ መለሰ፣ በራሱ ድምፅ ደግሞ ጨዋታውን መራ።