ቤተሰብን አንድ ላይ ማከም፦ የሲስተሚክ ሳይኮቴራፒ ሥልጠና ከጎጃም ሲታይ

ደብረ ማርቆስም ይሁን ሞጣ፣ ልጅ ትምህርት ጠልቶ ዝም ዝም ሲል የሚመጣው ጥያቄ "ልጁን ምን ነካው?" ነው። የቤተሰብ (ሲስተሚክ) ሳይኮቴራፒስት፣ ማለትም ቤተሰብን አንድ ላይ በንግግር የሚያክም ባለሙያ፣ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ልጁ ዝም ሲል እናት ምን ታደርጋለች? አባትስ? ችግሩን የሚፈልገው በሰዎቹ መካከል ነው።

ሐሳቡ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ከእነ አንትሮፖሎጂስቱ ግሪጎሪ ቤትሰንና ሳይካትሪስቱ መሬይ ቦወን ሥራ ጋር ጎለበተ። ሥልጠናው የሚሰጠው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ነው። እንግሊዝ አገር በተለምዶ አራት ዓመት ይፈጃል፤ ሳይኮሎጂስቱም፣ ነርሱም፣ ሶሻል ወርከሩም ይገባበታል።

በመጽሐፍ ብቻ የሚያልቅ ትምህርት አይደለም። ሰልጣኙ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል፤ አሰልጣኙና ጓደኞቹ ደግሞ፣ ቤተሰቡ አውቆና ፈቅዶ፣ ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆነው ይከታተላሉ። መሀል ላይ ከመስታወቱ ጀርባ የተደወለ ስልክ ይጮኻል፦ "አያትየውን እኮ እስካሁን ምንም አልጠየቅሃቸውም!"

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ጂኖግራም፣ የቤተሰብ ዝምድና ሥዕል፣ ነው። ወንዱ በአራት ማዕዘን፣ ሴቷ በክብ እየተሳለች፣ ቢያንስ ሦስት ትውልድ ወረቀት ላይ ይወርዳል። እኛ ጋ ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠር የለ? ለዚህ የጎጃም ሽማግሌ እንግዳ አይሆንም። ጂኖግራም ግን ከዝምድናው አልፎ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ሞት እስከዛሬ እንደማይነሳም ይመዘግባል። ሰልጣኙ የራሱንም ቤት ይስላል፤ የቤት ገመና አደባባይ አይወጣም ተብሎ ላደገ ሰው ይሄ ከፈተና ሁሉ ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

ጣልያን አገር ካሉት የሚላን ቡድን የቤተሰብ ቴራፒስቶች የመጣ አንድ የአጠያየቅ ዘዴም አለ። ልጅቱን "አባትሽ ሲቆጡ እናትሽ ምን ያደርጋሉ?" ብሎ መጠየቅ ነው፣ ያውም ሁለቱም ባሉበት። ልጅ በአባት ፊት አንገቷን ደፍታ በምትቀመጥበት ቤት ይሄን ዘሎ መጠየቅ አይቻልም። መጀመሪያ አባትን አንቱ ብሎ አስፈቅዶ ነው።

ሽማግሌ አጥፊውን ለይቶ፣ ክሶ አስክሶ ያስታርቃል። ሰልጣኙ አይፈርድም፤ ለሁሉም እኩል ጆሮ መስጠትን ነው የሚማረው። ሥልጠናው ለእኛ አገር ቢሰናዳ የሽምግልናን ትዕግሥት ከነወጉ ቢወስድ ደስ ይለኛል። ቡናውንም እንዲሁ፤ ሰው በአቦል ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቶ፣ ዋናውን ነገር የሚያወጣው በረካ ሲቀዳ ነውና።