ዩኒቨርሲቲ ስለመቀጠር በርጫ ላይ የሚወራውና እውነታው

የዩኒቨርሲቲ ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ድሬ ላይ ወሬው ይደራል። «አቦ ተወው፣ ሰው ከሌለህ አትገባም» የሚለው ይቀድማል። ዘመድ የሚባል ነገር የለም ብዬ አልሟገትም። ግን ብዙው ሰው የሚወድቀው ገና ማስረጃው ሲታይ ነው።

«ማስተርስ ከሌለህ አትድከም።» ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው መምህር ብቻ ነው እንዴ? ሬጅስትራር አለ፣ ፋይናንስ አለ፣ ግዥ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ላብራቶሪ፣ ሹፌር፣ ጥበቃ። ለእነዚህ እንደ መደቡ በዲግሪም፣ በዲፕሎማም፣ ከዚያ በታችም ይቀጠራል። በቴክኒክና ሙያ የተመረቀ ደግሞ ሲኦሲውን፣ ማለትም የብቃት ማረጋገጫውን ይዞ ይቅረብ። በማስተማሩ በኩልም ረዳት ምሩቅ የሚገባው በመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ውጤት ይታያል፣ ፉክክሩም ከባድ ነው።

«ዶክትሬት የያዘ ሁሉ ፕሮፌሰር ነው።» አይደለም። ዶክትሬት አብዛኛውን ጊዜ የሚያስገባው በረዳት ፕሮፌሰርነት ነው። ከዚያ በላይ ያለው በአገልግሎትና በታተመ ምርምር ይመጣል።

«አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ ልምድ ሞልቶኛል።» ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። ታይዋን ሰፈር አንድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ስትይዝ የኖረች ልጅ ሥራውን ከማንም በላይ ልታውቀው ትችላለች፣ ነገር ግን ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በማስረጃ ካልተደገፈ አይያዝላትም። ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራች፣ ደመወዟንም መግለጽ አለበት። «ጥሩ ሠራተኛ ነበረች» የሚል ምስክርነት ብቻውን ዋጋ የለውም። አሠሪያችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት ጠይቁት፤ ከተኳረፋችሁ በኋላ ማን ይጽፍላችኋል? ዜሮ ዓመት ልምድ የሚል መደብ ላይ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የለም።

«ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለግብርና ሰው ነው።» ሲጀመር የግብርና ኮሌጅ ነበር፣ እውነት ነው። ዛሬ የጤና ኮሌጁ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታልም የእሱ ነው። ስለዚህ ነርስ የሆነም ፋርማሲስት የሆነም ማስታወቂያውን ይከታተል። ከድሬ የምታመለክቱ ደግሞ የሥራ ቦታው የት እንደሆነ በደንብ አንብቡ፤ የደንገጎን ዳገት በየቀኑ መመላለስ ቀልድ አይደለም።

«ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥረው የከተማውን ልጅ ነው።» ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል ነው፣ የከተማው አስተዳደር መሥሪያ ቤት አይደለም። ከየትም መጥቶ መወዳደር ይቻላል።

«ውጭ አገር የተማረ ቅድሚያ አለው።» መጀመሪያ ዲግሪውን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ያሠራ። አገር ውስጥ የተማራችሁም ብትሆኑ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። «ኮርሱን ጨርሻለሁ» ማለት ብቻ አያስመዘግብም።

«ገና ቀን አለ።» የምዝገባው ቀን የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከወጣበት ዕለት ነው እንጂ ጓደኛችሁ በቴሌግራም ከላከላችሁ ዕለት አይደለም። እናንተ ጋ ሲደርስ ግማሹ አልፎ ይሆናል። ዋናውንና ኮፒውን ከአሁኑ አዘጋጁ።